የዞርኪ 4 ካሜራዬን ሬንጅፋይንደር ላስተካከሉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የዞርኪ 4 ካሜራዬን ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም በርቀት ልክ ፎከስ የምንይዝበትን ክፍል፣ በጥንቃቄ መርምረው በትክክል ላስተካከሉልኝ የካሜራ ጥገና ባለሙያ ምስጋናዬን በይፋ ለማቅረብና በፊልም ካሜራ ፎከስ ለተቸገረ ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ብዙም የሚጠቅም ስላልመሰለኝ፣ ምን እንደሠሩና ለምን በዚያ መንገድ እንደሠሩት የተረዳሁትን ያህል በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ዞርኪ 4 እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 ድረስ በክራስኖጎርስክ የተመረተ፣ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ ካሜራ ነው። እንደ ማንኛውም የሬንጅፋይንደር ካሜራ ፎቶ አንሺው የሚመለከተው በሌንሱ በኩል አይደለም። ከፊት ያሉት ሁለት መስኮቶች ያንኑ ነገር ከተለያየ ቦታ ሆነው ያያሉ፤ ሁለተኛው ምስል ብርሃንን በከፊል በሚያሳልፍና በከፊል በሚያንጸባርቅ መስታወት አማካይነት ከመጀመሪያው ላይ ይደረባል። ሌንሱ ሲዞር ጀርባው በካሜራው አካል ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጓም ሁለተኛውን ምስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታንቀሳቅሳለች። ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ፎከሱ ተይዟል ብለን ሻተሩን እንጫናለን። ነገር ግን መግጠማቸው የሚያረጋግጠው ዘንጓ አንድ ቦታ ላይ መድረሷን ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌንሱ በፊልሙ ላይ የጠራ ምስል መጣሉን የሚያረጋግጥልን ካሜራውን ያስተካከለው ሰው ሥራ ነው።

የእኔ ካሜራ ችግር ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ሩቁን እያጠራ ቅርቡን የሚስት በመሆኑ ነበር። የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ፤ የሰውን ፊት በቅርብ ሳነሣ ግን በካሜራው ማያ መስኮት እያየሁ በዐይኑ ላይ ያስማማሁት ፎከስ በፊልሙ ላይ ጆሮው ላይ ያርፋል። ከዚህ በፊት የወሰድኩበት ቦታ የሩቁን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ መልሶልኛል። ይህ ዓይነቱ ስህተት በቀላሉ የሚሸሸግ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) በሰፊው ኤፍ 2 ላይ ተከፍቶ 1 ሜትር ላይ ያለን ነገር ስናነሣ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጠቅላላው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ኤፍ 8 ሲጠብ ይኸው ጥልቀት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ፣ በቂ ብርሃን ባለበት የሚያነሣ ሰው ካሜራው የተዛባ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ።

እኚህ ባለሙያ ካሜራውን ሲቀበሉኝ ካቻቪቴ አላነሡም። «መጀመሪያ ሌንሱ ራሱ የት ላይ እንደሚያጠራ ልወቅ፤ እሱን ሳላውቅ አንዲት ብሎን አልነካም» አሉኝ። ምስጋናዬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች አነጋገር ነው፤ ምክንያቱም ሌንሱ ተዛብቶ ከሆነ ሬንጅፋይንደሩን ከእሱ ጋር ማስማማት አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት መሸፈን ይሆናል፣ ሌላ ሌንስ በተገጠመ ቀንም ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

የካሜራውን ጀርባ አውልቀው ፊልሙ በሚያርፍባቸው ሀዲዶች ላይ አንዲት ደብዛዛ መስታወት አስቀመጡ። መስታወቷ በአንድ ገጿ ብቻ የደበዘዘች ስትሆን ያ ገጽ ወደ ሌንሱ መዞር እንዳለበት አሳዩኝ፤ በተገላቢጦሽ ከተቀመጠች የመስታወቷ ውፍረት በልኬቱ ላይ ስለሚጨመር የሚታየው ፎከስ የፊልሙ አይሆንም። ሻተሩን (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን መዝጊያ) እንደተጫኑት ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ቢ ላይ አድርገው በኬብል ከፍተው ያዙት፣ አፐርቸሩን ኤፍ 2 ላይ ከፈቱት፣ ከዚያም ሌንሱን እስከ ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ) መቆሚያው አዙረው በጣም ሩቅ ያለ የሕንፃ ጠርዝ በማጉያ መነጽር ተመለከቱ። እኔንም እንድመለከት ጋበዙኝ። ተገልብጦ የሚታየው የሕንፃው ጠርዝ እንደ ምላጭ የሰላ ነበር። ቀጥሎ ከፊልሙ ገጽ 1 ሜትር በሜትር ለክተው የታተመ ጽሑፍ አቆሙና ሌንሱን መስታወቷን ብቻ እያዩ አጠሩት፤ በሌንሱ ላይ የተቀረጸውም ቁጥር በትክክል 1 ሜትር ላይ ቆመ። ስለዚህ ዩፒተር 8 ሌንሴ ከጥፋቱ ነጻ ሆነ።

ሌንሱን ከዚያ ሳያንቀሳቅሱ በመስኮቱ እንዳይ ነገሩኝ። በደብዛዛው መስታወት ላይ ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ ሆኖ ሳለ፣ በመስኮቱ ውስጥ ግን ሁለቱ ምስሎች ጎንና ጎን ተለያይተው ይታዩ ነበር። ወደ ሩቁ ሲዞር ይገጥማሉ፣ ወደ ቅርቡ ሲመጣ ይለያያሉ። ለዓመታት የተቸገርኩበትን ነገር እንዲህ በገዛ ዐይኔ ሳየው የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ይከብደኛል።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ አለው። የሩቁ የሚስተካከለው ከፊት ካለችው መሸፈኛ ብሎን ጀርባ በተደበቀች ትንሽ ብሎን ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። የቅርቡን የሚወስነው ደግሞ ሌንሱ የሚገፋት፣ እንደ ጠብታ አንድ ወገኗ ሾጠጥ ያለች የዘንጓ ጫፍ አቀማመጥ ነው። ጫፏን የያዘችውን ብሎን አላልተው በጣም ጥቂት አዞሯት። ይህን ሲያደርጉ የሩቁ ስለሚናጋ ወደ ፊተኛው ብሎን ተመልሰው እሱን ያስተካክላሉ፣ እንደገና ወደ 1 ሜትሩ ጽሑፍ ይመጣሉ፤ ሁለቱም እስኪስማሙ ድረስ ሳይታክቱ ተመላለሱበት። ከዚያም በመሃል 3 ሜትር ላይ ፈትሸው መስማማቱን አረጋገጡ። አንደኛው ምስል ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታይ ስለነበረ፣ በትንሿ መስኮት ላይ ያለችውን ክብ መስታወት በመጠኑ አዙረው ቁመቱን አስተካከሉ። መስታወቷ ስትዞር የጎኑንም ልክ ስለምትነካ፣ የሩቁንና የቅርቡን ፍተሻ ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። እውነቱን ለመናገር ይህን የመጨረሻ ድግግሞሽ ቢተዉት እኔ አላውቅባቸውም ነበር።

የላቀ ግምት የሰጠሁት ላልሠሩት ሥራ ጭምር ነው። በመስኮቱ መሃል የሚታየው ሁለተኛ ምስል የደበዘዘ ስለነበር መስታወቱን እንዲወለውሉልኝ ጠይቄያቸው ነበር። በመስታወቱ ላይ ያለው በከፊል የሚያንጸባርቅ ሽፋን እጅግ ስስ በመሆኑ በጨርቅ ቢታሽ ሊለቅ እንደሚችል፣ ከለቀቀም ሁለተኛው ምስል ፈጽሞ እንደሚጠፋ አስረድተውኝ አቧራውን ብቻ በአየር አራገፉ። ይልቁንም ከፊልም መመለሻው ሥር ያለችውን የዳዮፕተር ማስተካከያ (የማያ መስኮቱን እይታ ከተመልካቹ ዐይን ጋር የምታስማማውን) ለዐይኔ በሚስማማኝ ልክ እንዳደርጋት አሳዩኝ። የምስሉ ድብዝዝታ ግማሹ በእሷ ተወገደ።

ካሜራውን ሲመልሱልኝ ፊልም አስገብቼ በኤፍ 2 አንድ ማስመሪያ አጋድሜ እንዳነሣና ውጤቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ለእሳቸው ሥራው የሚያልቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ነው። ታጥቦ ሲወጣ የጠራው ፎከስ ያደረግኩበት መስመር ሆኖ ተገኘ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቁጥሮችም ቀስ በቀስ ይደበዝዛሉ። በዚያው ፊልም ላይ ያነሣኋት የእህቴ ልጅ ፎቶ ላይ የዐይኗ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

በችኮላ ለሚፈልግ ሰው እሳቸውን አልጠቁምም፤ ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፣ ሊያፋጥኗቸው ቢሞክሩም አይፈጥኑም። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን ከልቤ እጠቁማለሁ። ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው ካሜራውን ዘወትር ከሚጠቀምበት ሌንስ ጋር ይዞ ይሂድ፣ ያለ ሌንሱ አይቀበሉምና። ስህተቱ በቅርብ ነው ወይስ በሩቅ የሚታየው፣ ፎከሱስ ከተፈለገው ቦታ ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚያርፈው የሚለውን በጥቂት ፎቶዎች አስደግፎ ቢያሳያቸው ምርመራውን ያቀልላቸዋል። ያለ እሳቸው ፈቃድ ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ማስፈር ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።