ለላይብረሪው ጋሼ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎት

ይሄን ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል። እጀምርና እተወዋለሁ። ትናንት ማታ ልጄ ልብሶቿን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አየኋትና ዛሬ አላስቻለኝም።

ልጄ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፣ 11ኛ ክፍል። በዚህ ክረምት አንድ ዩኒቨርሲቲ በላብራቶሪው ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠውን የሳይንስ ስልጠና ልትከታተል ነው። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጓጓዣው ሁሉ ተችሎላታል። ይሄ ዕድል ወደ ቤታችን የገባው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ተማሪው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው። ስማቸውን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው "ተይው ልጄ፣ ይልቅ ስለ ሰሌዳው ንገሪልኝ" አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውን አልጽፍም። የትምህርት ቤቱ ልጆችና ወላጆች ግን ማንን እንደምል ያውቃሉ።

ለምን እንዲህ ሆዴ እንደተነካ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የበኩር ልጄን ነገር ልናገር። እሱ የተማረው ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ይቅር። ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ከክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የማይወጣ ልጅ። 12ኛ ክፍል እያለ ለእሱ ዓይነት ተማሪ የሚሆን የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ለትምህርት ቤቱ ተልኮ ነበር። ወረቀቱ ግን አንድ ቢሮ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሳምንታት አለፉት። ልጄ የሰማው ከሌላ ትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፣ እሱም ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ። ሄጄ ጠየቅኩ። "ለእያንዳንዱ ተማሪ መንገር አንችልም፣ ዕድል የሚፈልግ ራሱ ይፈልግ" ተባልኩ። እንዴት አድርጎ ይፈልግ? መኖሩን ያላወቀውን ነገር በየት በኩል ይፈልገዋል? ይሄን ስጠይቅ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

ከዚያ ደግሞ ለሌላ ቦታ ለማመልከት ትራንስክሪፕት ሲያስፈልገው አራት ቀን ተመላለስን። አንድ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ማህተሙን የያዘችው ሴት የለችም፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት ኑ። እኔ ከሥራዬ እየቀረሁ፣ ልጁ ከትምህርቱ እየቀረ። በመጨረሻ ተስፋ ስንቆርጥ ጉዳዩን ጨርሼ እሰጣችኋለሁ የሚል ሰው አገኘንና ገንዘብ ከፈልን። "ፕሮሰስ ላይ ነው" እያለ ወራት አስቆጠረን። ከዚያ ስልኩ አይሠራም። ገንዘቡስ ይሁን፣ ልጄ በዚያ ሰሞን አንድ ማታ "እማዬ ተይው በቃ፣ ይሄ ለእኛ ዓይነት ሰው አይደለም" ያለኝ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ።

ላይብረሪው በር አጠገብ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ። እሳቸው በሰሌዳው ላይ የሚለጥፉት ወረቀት ሁሉ ከሥሩ በእጃቸው የተጻፈ አራት መስመር አለው። ለማን ነው። ምን ይሰጣል። ምን ይጠይቃል። መቼ ይዘጋል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳን አራቱ መስመሮች በአማርኛ ናቸው። ከላይ ደግሞ በቀይ "ገንዘብ ክፈሉ ከተባላችሁ ሳትከፍሉ ወደ እኔ ኑ" የሚል ተጽፏል። ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ዓይኔ እንባ አቀረረ። የዛሬ አራት ዓመት እንዲህ የሚል አንድ ሰው ቢኖረኝ ኖሮ።

ሰኞ ሰኞ ጊዜው ያለፈበትን ያነሳሉ። አዲሱን ደግሞ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ሰጥተው ሰልፍ ላይ ያስነብባሉ፣ ላይብረሪ የማይገባም ተማሪ አለ ብለው። የክፍል ስብሰባ፣ የክበብ ምዝገባ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ የስፖርት ውድድር ሁሉም እዚያው ነው። ልጄ "ትምህርት ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?" ስላት ድሮ "ምንም" ነበር መልሷ። አሁን እራት ላይ የሰሌዳውን ትነግረኛለች፣ እኔም ብዙ ተማርኩ።

ለምሳሌ ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት በየዓመቱ የልጆች የደብዳቤ ጽሁፍ ውድድር እንዳለው አላውቅም ነበር። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አለ፣ በየዓመቱ ርዕስ ይሰጣል፣ የየአገሩ ፖስታ ቤት አወዳድሮ አንደኛ የወጣውን ይልካል። ትንሹ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እህቱ ነግራው ሦስት ምሽት ሙሉ ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ። አላሸነፈም፣ ግን ያ ልጅ ከዚያ በፊት የቤት ሥራ ካልሆነ እስክሪብቶ አያነሳም ነበር። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሎምፒያድም ሰሌዳው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማኒያ ውስጥ የተጀመረው ማለት ነው። ከአንድ አገር የሚሳተፉት ቢበዛ ስድስት ልጆች ናቸው፣ በሁለት ቀን ስድስት ጥያቄ ብቻ ይሠራሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አይወዳደርም። ጋሼ ከሥሩ "የቆዩ ጥያቄዎች ላይብረሪ ውስጥ አሉ፣ ለመሞከር ጎበዝ መሆን አያስፈልግም" ብለው ጽፈው ነበር። ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ የሚባሉት ትምህርት ቤቶችም ነበሩ፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 ዌልስ ውስጥ የተከፈተ፣ አሁን 18 የደረሱ። ልጆችን የሚመርጡት በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች ነው። ልጄ እሱን ሞክራ ነበር፣ አልተሳካም። መልሱ በመጣ ማግስት ጋሼ ሌላ ወረቀት ይዘው ክፍሏ በር ላይ ጠበቋት። "ድርሰትሽ አለ አይደል? አይጠፋም፣ ለዚህኛው ይሆናል" አሏት።

ያ ሌላው ወረቀት ነው የዘንድሮው ስልጠና። ግን ልጄ ፎርሙን ወሰደችና ደበቀችው። እኔ አላየሁም። ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ከትምህርት ቤት ነው ሲሉኝ ልቤ ዘለለ፣ ምን አጠፋች ብዬ። "ምንም አላጠፋችም ልጄ፣ ፎርም ወስዳ ሳትመልስ ቀርታ ነው፣ ምናልባት ወላጅ የሚፈርምበት ቦታ አስፈርቷት ይሆናል" አሉኝ። ጋሼ ነበሩ። ማን ምን ፎርም እንደወሰደ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። ከዚያ ደብተር ላይ የልጄ ስም ባዶውን መቅረቱን አይተው ነው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሳቸው ስልክ የደወሉት። አስቡት እስኪ! አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?

በማግስቱ አብረን ሄድን። ልጄ አቀርቅራ "ወንድሜ ላይ የደረሰውን ስለማውቅ፣ እማዬ ደግሞ ገንዘብ እንዳትበደር ብዬ ነው" አለች። እኔ መናገር አቃተኝ። ጋሼ አልተቆጧትም፣ ምክርም አላበዙባት። ወረቀቱን ዘረጉና ስለ ወጪ የሚለውን አንቀጽ በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ በአማርኛ አነበቡልኝ። ሙሉ ወጪ ይሸፈናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የማይሸፈነው ምን እንደሆነ። ሁለቴ ጠየቅኳቸው፣ ሁለቴ መለሱልኝ። በሕይወቴ ቢሮ ውስጥ ቁጭ በይ ተብዬ አንድ ወረቀት እስከ መጨረሻው ሲነበብልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ትራንስክሪፕቷን አዩና ቀጥ አሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው የአባቷ ስም ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። እኔ መቶ ጊዜ ባየው አላስተውለውም ነበር። "ይሄ በኋላ ያስመልሳታል" ብለው ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው ወደ ሪከርድ ክፍል ሄዱ። እኛን ለፈተና የሚያነቡት ልጆች መሀል ተቀመጡ ብለውን ነው የሄዱት። ተስተካክሎ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት መጣ። በአንድ ቀን! አራት ቀን የተመላለስኩ እናት ስለሆንኩ ነው ይሄን ደጋግሜ የማወራው።

በኮምፒውተር የተላከበትን ነገር እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ፎቶ አነሱት፣ ወደ ሌላ ነገር ቀየሩት፣ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለ፣ እንደገና አሳነሱት፣ ኔትወርኩ ሁለቴ ጠፋ። እኔ ብቻ ሰዓት ሰዓት አያለሁ። አንድ የገባኝ ነገር፣ የሚዘጋበት ሰዓት የእኛ ሳይሆን የላኪዎቹ አገር ሰዓት መሆኑን አስቀድመው አስልተው ነበር። ለመጨረሻው ቀን እንተወው ብንል ኖሮ ሊያልፈን ይችል ነበር። "ደርሷል" የሚለው መልስ እስኪመጣ ድረስ ላይብረሪውን አልዘጉም። ስንወጣ መሽቶ ነበር። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት "መጀመሪያ ልጅቷን ወደ ቤት አድርሻት" አሉኝ።

ልጆቻችሁ እዚያ ትምህርት ቤት ያሉ ወላጆች፣ እባካችሁ ሂዱ። ልጆቹን ብቻ አትላኩ፣ እናንተም ሂዱ። ልጄ ጎበዝ አይደለም ብላችሁ አትቅሩ፣ ሰሌዳው ላይ ለስዕል አለ፣ ለሩጫ አለ፣ ለበጎ ፈቃድ አለ። ስማርት ስልክ የለንም የምትሉ በተለይ እናንተ ሂዱ፣ ጋሼ የሚለጥፉት ለእናንተ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራንና ሠራተኞች ደግሞ፣ ለእናንተ የምለው ልመና ነው። የመጣላችሁን ወረቀት አውጥታችሁ ለጥፉት። ጋሼ ጋ ያየሁት አንድ የእንጨት ሰሌዳና አንድ ደብተር ነው፣ ትልቅ በጀት አልነበረውም።

ለትምህርት ቤቱ አመራርም አንድ ቃል አለኝ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። እባካችሁ ከአሁኑ አንድ ሰው አጠገባቸው አስቀምጡ፣ ያ ደብተር ባለቤት እንዳያጣ። ልጄና የሚኒ ሚዲያ ጓደኞቿ ከክረምት በኋላ በተራ እናግዛለን ብለዋል፣ ግን እነሱም ተማሪ ናቸው፣ ነገ ይወጣሉ።

ትልቁ ልጄ ባለፈው እሁድ ስለ እህቱ ሰምቶ ጋሼን ሄጄ ላያቸው እፈልጋለሁ አለ። ሄደ። ምን እንዳወሩ አልነገረኝም፣ ግን በእጁ አራት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ነው የተመለሰው። የማታ ትምህርት ምዝገባ ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ላይብረሪው በክረምትም ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው ብለውኛል። ለወላጅ በር ላይ የሚጠየቀው መታወቂያ ብቻ ነው።