ሐዋሳ ላይ የዲቃላ ፍየል አውራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ለእኚህ ሰው ደውሉ

ባለፈው ሳምንት የግልገሎቼን ፎቶ ስለጥፍ «ከየት አገኘሻቸው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱ ረዘም ይላል፤ ምስጋናም አለበት።

ነገሩ የጀመረው በኪሳራ ነው። አምና አንድ ነጋዴ «ንጹህ ቦር» (የደቡብ አፍሪካ የሥጋ ፍየል ዝርያ) ብሎ ወጠጤ ሸጠልኝ። ገላው ነጭ፣ ራሱ ቀይ፤ በስልክ ያየሁትን የደቡብ አፍሪካ ፍየል ቁርጥ! ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ይህን ያነበዋል። በአምስት ወር የተወለዱት ግልገሎች ግን ከጎረቤቴ ፍየሎች በምንም አይለዩም። ይባስ ብሎ አንዷ ሴት በአንድ በኩል ሁለት ጡት ይዛ መጣች፣ የአንዱ ወንድ ደግሞ አንደኛው የዘር ፍሬው አልወረደም።

ግልገሎቹ ተቅማጥ ሲይዛቸው ጎረቤቴ አንድ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቱላ ድረስ አመጣችልኝ። «ዶክተር» ብላቸው «ዶክተር አይደለሁም ልጄ፣ ቴክኒሻን ነኝ» አሉኝ። ግልገሎቹን አክመው ሲጨርሱ ወጠጤዬ ፊት ቆሙና ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ የገዛሽው ቀለም ነው።»

ቀይ ራስና ነጭ ገላ በአገር ፍየልም አለ። እሳቸው ቀለምን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፦ የቦር ደም ያለው ሰፊና ወደታች የተንጠለጠለ ነው፤ የእኔው ወደ ጎን የቆመ። ቀጥሎ ፊት፦ የቦር አፍንጫ ጎበጥ ይላል፤ የእኔው ቀጥ ያለ። ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ከኋላ ቆሞ ጭን። የሥጋ ፍየል ከኋላ ነው የሚታወቀው፣ የእኔው ከኋላ ባዶ ነበር። ጡት የደረበችውንና ፍሬው ያልወረደውንም «ይሄ በዘር ይተላለፋል፤ አድልበሽ እረጃቸው እንጂ ለርቢ እንዳታስቀሪ» አሉኝ።

ሁለተኛውን ወጠጤ ለመግዛት ለምኜ ወደ ዝዋይ አቅጣጫ ይዣቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ «ቦር» ማለት በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካንስ ቋንቋ ገበሬ ማለት እንደሆነ፣ የአርቢዎቹ ማኅበር በደቡብ አፍሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 እንደሆነ ሲነግሩኝ ሻሸመኔን አለፍን። (ወሬ ይወዳሉ፣ ይህን ካሁኑ እወቁት።)

አርቢው ግቢ ስንደርስ ልቤ አንዱን ግዙፍ ወጠጤ ወደደው። ቀንድ የለውም፣ ልጆቼን አይወጋም ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን «ቤትሽ ጎዳ፣ ቀንድ አልባ ፍየሎች የሉሽም?» አሉ። ሦስት አሉኝ። «እንግዲያው ይቅር!» ቀንድ አልባ ከቀንድ አልባ ሲጋጠም ከሚወለዱት ሴቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ወንድም ሴትም ሳይሆኑ፣ መካን ሆነው ይቀራሉ አሉኝ። ቀንድ የሚያስቀረውና ይህን የሚያመጣው ዘር አንድ ላይ የተሳሰረ ነው፤ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ቀንዳም ከሆነ ችግር የለም። ይህን ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ግማሽ ደም (ግማሽ ቦር፣ ግማሽ የአገር) ወንድና ሴት አብሬ ልግዛ አልኩ። እሱንም ከለከሉኝ። ግማሽ ደም የሆነው ዲቃላ የቦርን ዕድገትና የአገር ፍየልን ጥንካሬ ይዞ ያምራል፤ ግማሽ ከግማሽ ሲጋጠም ግን ልጆቹ ይዘበራረቃሉ፣ አንዱ አያቱን አንዷ አያቷን ይመስላሉ፣ ከመዳቀሉ የመጣው ብርታትም በግማሽ ይቀንሳል። በመጨረሻ የመረጡልኝ ቀንዳም፣ አባቱ ንጹህ ቦር፣ እናቱ ግማሽ ደም የሆነች፣ በስሌት 75 በመቶ ቦር ነው። «እናቱን ካላየሁ አይገዛም» ብለው ባለቤቱ ከበረት እንዲያወጣት አደረጉ፤ ጡቷን ቆጠሩ። የወጠጤውን አፍ ከፍተው የታች ጥርሱ ከላይ ድዱ ጋር መግጠሙን፣ ሁለቱ ፍሬዎቹም እኩል መሆናቸውን በእጃቸው አረጋገጡ። ያን ቀን የሸጠልን ሰው ሳይሰለች በትዕግሥት ስለጠበቀንም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ዛሬ ከስድስት እናቶች ዘጠኝ ግልገሎች አሉኝ። ጆሯቸው እንደ አባታቸው ባይሆንም ወደታች ዘንበል ብሏል። ከሁሉም ፈጥኖ ያደገው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው! ሳየው ስቄያለሁ፤ ያንን ነጋዴ ባገኘው አሳየው ነበር። አውራውን ሴት ልጆቹ ለርቢ ከመድረሳቸው በፊት መለወጥ እንዳለብኝም ተነግሮኛል። ወልደው የማያውቁ ትንንሽ ሴቶችንም ለእሱ አላቀርብም፤ ግልገሉ ተልቆ ምጥ ይከብዳቸዋል።

እንከናቸውን ልደብቅ አልፈልግም፦ ይዘገያሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካሉ አራት ሰዓት ጠብቋቸው። እሁድ ስልካቸው ዝግ ነው። በሌላ በኩል የሚያስከፍሉት የድካማቸውንና የትራንስፖርት ብቻ ነው፤ ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበሉም፣ ያን ቀን አርቢው ሊሰጣቸው ሲል እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲከቱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላቸው ስንት ሴት ፍየል እንዳላችሁና ስንቶቹ ጎዳ እንደሆኑ ቆጥራችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።