ትዊን ካሟን ኢታኖል አጠጣኋት

ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ። ጋራዡ ጎበዝ ነው፣ ሥራውም ጥሩ ነው፤ ግን ጅማ ላይ ሆናችሁ መኪናችሁን ከቤንዚን ወደ ኢታኖል (ወደ አልኮል ነዳጅ) ለማስቀየር ብር ከማውጣታችሁ በፊት ነዳጁን ከየት እንደምታመጡ አስቡበት።

ትዊን ካም የምንላት መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1989 ቶዮታ ኮሮላ ጂቲአይ ናት። 1.6 ሞተር፣ 16 ቫልቭ። የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሾኝ ኢታኖል ሳስብ ነበርና አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ወደ ኢታኖል መቀየሪያዋን የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ሥራዋ ቀላል ነው፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈቱ ታደርጋለች። ኢታኖል ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው፣ 85 ከመቶው ኢታኖል የሆነ ድብልቅ ስትሞሉ ሞተሩ ወደ 30 ከመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። አዎ፣ የበለጠ ይበላል።

ሳጥኗን ብቻ ሰክቶ የሚሸኝ መካኒክ አይጠፋም። የኔው ግን፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሳጥኗን አይተው ሳቁና በቀጥታ መኪናው ሥር ገቡ። የድሮ ጎማ ቱቦ ኢታኖል ሲነካው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ያገኙትን ሁሉ ቀየሩት። ፓምፑንም ቀየሩ። ፊልትሮ ደግሞ ሦስት ግዛ አሉኝ። ሦስት ምን ያደርጋል ብዬ አጉረመረምኩ፣ ለካ ኢታኖል ታንከሩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አጥቦ ያመጣዋል፤ የመጀመሪያው በሳምንቱ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ።

ቅሬታም አለኝ። ታንከሩ አናት ላይ ያለችውን አጭር ቱቦ ረስተዋት ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መኪናው አረቄ አረቄ መሽተት ጀመረ፤ ባለቤቴ «የት አምሽተህ ነው?» አለችኝ። በነፃ ቀየሩልኝ፣ ቢሆንም የነዳጅ መፍሰስ ቀልድ አይደለም።

አነዳዷስ? ድሮ ጊቤ በረሃ ሙቀቱ ላይ ዳገት ስትወጣ ታንኳኳ ነበር፣ አሁን ጭጭ አለች። የኢታኖል ኦክቴን፣ ማለትም ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተር እንዳያንኳኳ የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍተኛ ነው፣ ከ100 ያልፋል። ጉልበቷ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልጨመረም። ኦክቴኑን በደንብ የሚጠቀምበት ተርቦ ያለው ወይም ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር ነው፤ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሞተሩም መጀመሪያውኑ ብዙ አያንኳኳም።

የኅዳር ማለዳ ሌላ ጣጣ ነው። ኢታኖል በብርድ ቶሎ አይተንም። ብራዚሎች በድሮ የኢታኖል መኪኖቻቸው ላይ ለማስነሻ ብቻ ትንሽ የቤንዚን ታንከር ያስቀምጡ ነበር። እኔ እሷ ስለሌለችኝ ሞተሪኖውን እያስለቀስኩ ጎረቤት ቀሰቀስኩ።

ዋናው ግን ነዳጁ ነው። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታል። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚን ውስጥ 5 ከመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በኋላ 10 ደርሶ ነበር። ያንን ግን የኔም መኪና ያለ ሳጥን ትነዳዋለች። 85ቱን የሚቀዳልኝ ማደያ ስለሌለ ራሴ ከቤንዚን ጋር ልደባልቅ ኢታኖሉን በጄሪካን ከአዲስ አበባ አስመጣ ነበር፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ! ያገኘሁት ደግሞ 96 ከመቶው ነው፣ የቀረው ውሃ። በዚህ ላይ የጅማ ዝናብ አለ፤ ክዳኑ ካልጠበቀ እርጥበት ይስባል፣ ውሃው ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይዘቅጣል፣ ፓምፑም መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው።

ከአራት ወር በኋላ ወደ ቤንዚን ተመለስኩ። ቱቦና ፓምፕ ያረጀበት ሰው ጋሼ ጋ ይሂድ። ሳጥኗን የሚፈልግ ካለ ትሸጣለች፣ የተረፈችው ፊልትሮ ምርቃት ናት።