አዲሱ ሴሌሮን ወይስ ያገለገለው ኮር አይ 5፦ ጎንደር ላይ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ጎንደር ላይ በአነስተኛ ገንዘብ ላፕቶፕ የሚፈልግ ሰው ፒያሳ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ቢል፣ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚያገኛቸው ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ የስክሪኑ ላስቲክ ያልተላጠ፣ ሴሌሮን የሚባል ፕሮሰሰር (የላፕቶፑ አንጎል) ያለው አዲስ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመታት አገልግሎ የመጣ፣ ጠርዙ ላይ ጭረት የማይጠፋው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 የሆነ ላፕቶፕ ነው። የሁለቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚቀራረብ ገዢው ልቡ ወደ አዲሱ ያዘነብላል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለነገ ስለማያገለግል፣ እዚህ የማነጻጽረው የብሩን መጠን ሳይሆን በተቀራራቢ ብር የሚገኘውን ዕቃ ነው።

የአዲሱ ላፕቶፕ መልካም ጎን አይካድም። ባትሪው አዲስ ነው፣ ለመሸከም ይቀላል፣ የዋስትና ወረቀትም ይሰጠዋል። ጉዳቱ ያለው ከውስጥ ነው። ኤን 4020 የሚባለው ሴሌሮን ሁለት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ሲኖረው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ 5 8250 ዩ አራት ኮር አለው። ከዚህ በላይ የሚከብደው ደግሞ በአብዛኞቹ ርካሽ ሞዴሎች ላይ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ሥራዎች የሚያዙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር ተበይደው መምጣታቸው ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ይኸው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ትርፍ አቅም የለውም። የመመረቂያ ጽሑፉን በዎርድ ከፍቶ፣ በክሮም አሥር ገጽ ዘርግቶ፣ ቴሌግራሙንም ሳይዘጋ የሚሠራ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር መንቀርፈፉን ያየዋል፤ ራም ልጨምር ቢል ግን የሚጨመርበት ቦታ የለም።

ዋስትናውም ቢሆን ሻጩ የት እንዳለ ካልታወቀ ብዙ አያጽናናም። አዲስ አበባ የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ አለበት። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጎንደር ላይ ላፕቶፕ የሚመዘንበት ዋናው መለኪያ እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ካቻቪቴ ተከፍቶ ራሙ፣ ኤስኤስዲው (ማከማቻው) እና ባትሪው ሊቀየር መቻሉ ነው። በዚህ መለኪያ ያገለገለው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይበልጣል።

ሆኖም «ኮር አይ 5 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ከአይ 5 ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር በ8 መጀመሩ መታየት አለበት። 7200 ዩ የሚለው ሰባተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው፤ ኮሩም ሁለት ብቻ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። በኪቦርዱ ጎን የተለጠፈችው ወረቀት ልትቀየር ስለምትችል ቁጥሩን ከዊንዶውሱ ውስጥ ማንበብ ይሻላል።

በዚህ ጄኔሬሽን በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5። ሦስቱም ባለ 14 ኢንች ናቸው፤ ሦስቱም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው፤ በ8 ጊጋ ገዝቶ ገንዘብ ሲገኝ 16 ማድረስ ይቻላል። የሚለያዩት በባትሪ፣ በቻርጀርና በስክሪን ነው።

ቲ 480 ሁለት ባትሪ አለው። አንደኛው ውስጥ የተቀመጠ ባለ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥር በእጅ የሚነቀል ነው። ላፕቶፑ ሳይጠፋ የውጭውን ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል፤ ባለ 72 ዋት ሰዓቱ ከተገኘ መብራት ጠፍቶ በሚውልበት ቀን ሥራ አይቋረጥም። በአንጻሩ ከሦስቱ ከበድ የሚለው እሱ ነው፤ ቻርጅ የሚያደርገውም በታይፕ ሲ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳው የላላ ከሆነ መተው ይበጃል። ስክሪኑም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ 1366 በ768 የሆነው ደብዛዛ ስክሪን ያለበት ቲ 480 ስላለ፣ 1920 በ1080 መሆኑ ሳይረጋገጥ ሒሳብ አይከፈልም።

ላቲቲዩድ 7490 ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ ጀምሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባትሪም ባለ 60 ዋት ሰዓት ነው። በክብ ቻርጀርም በታይፕ ሲም ይሠራል፤ ነገር ግን ክቡ ቻርጀር የዴል መሆኑን ላፕቶፑ ስለሚለይ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ቻርጀር ሲሰካበት ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ኤሊትቡኩ በአሠራሩ ያማረ፣ በድምፁም የተሻለ ቢሆንም ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዳንዱም ከጎን ሲያዩት እንዲጨልም ተደርጎ የተሠራ ስክሪን አለው። ለባንክ ሠራተኛ ይጠቅም ይሆናል፤ ሁለት ሆነው ፊልም ለሚያዩ ግን አይመችም።

የትኛውም ይመረጥ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መፈተን አለበት። ቻርጀሩ ተነቅሎ ቪዲዮ ይከፈት። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ሲወጣ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ ባትሪው ሲሠራ 60,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው አሁን የሚሞላው 36,000 ከሆነ የቀረው 60 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዋጋው ይቀነስልኝ ማለት ተገቢ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ አንድ አንቀጽ ይጻፍበት። አንድ የአማርኛ ፊደል በአብዛኛው ሁለት ቁልፍ ስለሚያስነካ፣ የደከመ የአናባቢ ቁልፍ በእንግሊዝኛ ከመጻፍ ይልቅ በአማርኛ ቶሎ ይጋለጣል።

መጨረሻ ላይ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሣና ባዮሱ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚነሣው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ይከፈት። እኔ ይህን ሳላደርግ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ላፕቶፕ ሁለት ወር በደንብ ከሠራ በኋላ ዊንዶውሱን ልቀይር ስል ባዮሱ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቆልፎት ነበር። ሻጩ «አምጣውና እንፈታዋለን» አለኝ። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ሳሰላው ለአንድ 8 ጊጋ ራም ይበቃ ነበርና ሳልወስደው ቀረሁ።

በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ሲስተም የሚሠራው ክሮምቡክ በርካሽ ሲቀርብ ያጓጓል፤ ነገር ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለማይጭንና የማሻሻያ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ለዚህ ንጽጽር አይሆንም። አዲሱን ሴሌሮን የምመክረው ደብዳቤ ከመጻፍና ኢሜይል ከማየት ለማያልፍ፣ ሻጩም እዚሁ ጎንደር ላለለት ሰው ነው። በየቀኑ ከግቢ ግቢ ተሸክሞ ለሚዞር ላቲቲዩዱ ይስማማል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ግን ቲ 480ን አስቀድማለሁ፤ ሲገዛም ገንዘቡን በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ሳይጨርስ ለሁለተኛ የውጭ ባትሪ የሚሆን ቢያስተርፍ ይሻለዋል።