ጎማ ላይ የቆመው የባዮዲዝል ቁምሳጥኔ፦ ብየዳው አንደኛ፣ እግሩ ግን…

የፎቶ ኮፒ ቤቴ ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል። ጎንደር ላይ ደግሞ መብራት ሲሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ ከሳምቡሳና ከቺፕስ ጠባሾች ያገለገለ ዘይት እየሰበሰብኩ፣ ከሜታኖል (በቀላሉ እሳት ከሚይዝ አልኮል) እና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አሙቄ ባዮዲዝል እሠራለሁ፤ ከናፍጣው ጋር እየቀላቀልኩ እጠቀምበታለሁ። ችግሬ ቦታ ነው። የኪራይ ቤት ውስጥ ነኝ፤ ዕቃው ለሥራ ግቢ ወጥቶ ማታ ዕቃ ቤት መግባት አለበት። አዘዞ መንገድ ላይ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ጎማ ያለው ቁምሳጥን አሠራሁ። ቅሬታም ስላለኝ የቤቱን ስም ልተወው።

ርዝመቱ 120፣ ጎኑ 60፣ ቁመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። የዕቃ ቤቱ በር 70 ስለሆነ ከዚያ መስፋት አይችልም። አጽሙ ቱቦላሬ፣ ልብሱ ላሜራ። ውስጡ ዘይቱን የማሞቅበት 60 ሊትር የሚይዝ አሮጌ የሻወር ቦይለር፣ ፓምፕና ነዳጁን የማጥብበት በርሜል አለ።

ብየዳቸው ጨዋታ የለም። ቦይለሩን ሞልቼ ገፋሁት፤ ሲጥ አላለም። በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። በያጁ ልጅ ጥጉን በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ጋሼ፣ ሳሎን ቢያስቀምጡት እኮ አያሳፍርም» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ሜታኖል ያለበት ዕቃ ሳሎን አይገባም።

የሜታኖል እንፋሎት ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። እሳት ከያዘው ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። እነሱ ግን የአየር ማስወጫውን ከላይ ብቻ፣ በአበባ ቅርጽ ቆርጠው ጠበቁኝ። ያምራል! «ከታችም ይቀደድልኝ» ስል «አይጥ ይገባል» ተባልኩ። በመጨረሻ ወንፊት ሽቦ ተበይዶበት ተስማማን። ማብሪያ ማጥፊያውን ከሳጥኑ ውጭ አርቀው ሲያስሩልኝ ግን ምንም አልተከራከሩም።

በሩ ላይ የቴርሞሜትር መስኮትም አስወጥቻለሁ። ሜታኖል በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ 58 ገደማ ላይ ይፈላል። ዘይቱን ለማሞቅ ብዙ ሰው የሚመክረው 55 ዲግሪ ለእኛ አፋፍ ላይ መቆም ነው። እኔ 50 ላይ አቆማለሁ፤ በሩን ሳልከፍት አየዋለሁ።

ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ያለው ትሪ አለ። 72 ሊትር ስለሚይዝ ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ ቢያፈስ እንኳ መሬት አይነካም። መጀመሪያ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሊያደርጉበት ነበር። ኮስቲክ ሶዳ ዚንክን ይበላል፤ አሉሚኒየምንም አይምርም። ጥቁር ላሜራ አስደረግሁ። ቀለም ባይቀቡት ደግሞ ይሻል ነበር፤ ባዮዲዝል ቀለም ያሟሟል። ከመቅጃው ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ተነሣ፤ ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ። ፍቄ ባዶውን ትቼዋለሁ።

የተናደድኩት በጎማው ነው። የቢሮ ወንበር የሚመስሉ ትንንሽ ፕላስቲክ ጎማዎች ገጠሙለት። ግቢያችን ኮብልስቶን ነው፤ ያንን ሁሉ ክብደት በዚያ ላይ! አንዱ ተሰንጥቆ ሳጥኑ ዘመም አለ። አከራዬ ከበረንዳ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ይኸ ጉድህ አንድ ቀን ይጨርሰናል» አሉ። ብየዳ ቤቱ ጋ ስደውል «የቻይና ነው ጋሼ፣ ምን እናድርግ» አሉኝ። ትልልቅ ጎማ፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው፣ በራሴ ብር ገዛሁ። እነሱም በነጻ በየዱልኝ፤ ይህን አልክድም።

እዚያ የምታሠሩ ከሆነ ጎማውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ። ሥዕሉንም በልክ አስይዙ፤ ለዓይን ያማረ ነገር መጨመር ይወዳሉ። ቀጠሮ ግን ያከብራሉ፤ ባሉኝ ቀን ነው ያስረከቡኝ። ብረት ሥራ ያሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የምሰበስበው ዘይት አብዛኛው ፓልም ስለሆነ ነዳጁ በጎንደር ብርድ ጠዋት ጠዋት ይወፍራል። ያለቀለት ነዳጅ ጀሪካን ከሞቀው ቦይለር ጎን የሚቀመጥበት መደርደሪያ ያስፈልገኛል። እሱንም ለእነሱው አዝዣለሁ፤ ያለ አበባ።