ጋይሮጄት ወይስ ዳርዲክ? ለጥይት ሰብሳቢ የትኛው ይሻላል

ብርቅ የሆኑ አሮጌ ጥይቶችን የምትሰበስቡ ሰዎች ሁለት ስሞች ሳያጋጥሟችሁ አይቀሩም፦ ጋይሮጄት እና ዳርዲክ። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተወርቶላቸው ገበያው ሳይቀበላቸው የቀሩ ናቸው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ ጋይሮጄትን ግዙ እላለሁ።

ጋይሮጄትን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው የካሊፎርኒያው ኤምቢ አሶሺየትስ ነው። ጥይት ይባል እንጂ ትንሽዬ ሮኬት ነው። ገልብጣችሁ ቂጡን እዩት። መሐል ላይ መለኮሻው አለ። ዙሪያውን ደግሞ ዘመም ብለው የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጋዙ በነሱ ሲወጣ ጥይቱን ይገፋዋል፣ ያሾረዋልም። መሬት ላይ የሚወድቅ ቀለህ የለም፤ ሁለመናው ይሄዳል። ሲተኮስም እጅን እምብዛም አይመታም። ችግሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ፍጥነት የሚያገኘው መንገድ ላይ ስለሆነ ቅርብ ያለን ነገር በደንብ አይመታም። ዒላማም ይስታል። የገደለው ይሄ ነው።

የዴቪድ ዳርዲክ ጥይት ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ የመጣ ነው። ቀለሁ ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት አይንከባለልም። ቅርጹ ያለ ምክንያት አልመጣም። በሽጉጡ ውስጥ የሚሽከረከረው የጥይት መያዣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጥይቱ ከካዝናው በጎን ገብቶ፣ ከተተኮሰ በኋላ በጎን ይወጣል። ሞዴል 1500 የተባለው ሽጉጥ 15 ጥይት ይጎርሳል። ግን ግዙፍ ነበር፣ መልክም አልነበረውም። ኩባንያው በ1962 ተዘጋ።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የዳርዲክን ጥይት ለብቻው ለእንግዳ ብታሳዩት ግራ ይጋባል፤ ሽጉጡ ከሌለ ሦስት ማዕዘኑ ትርጉም የለውም። ጋይሮጄት ግን ሞተሩም አረሩም እሱው ነው። አንዷን ፍሬ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ታሪኩን መጨረስ ይቻላል። ሽጉጡንም ጥይቱንም አንድ ላይ መግዛት ለሚችል ሰው ግን ዳርዲክን እመርጥለታለሁ፤ ብልሃቱ ሲሽከረከር ማየት ያረካል።

ስትገዙ የጋይሮጄትን ቀዳዳዎች በባትሪ እዩ። ጥላሸት ካለ ነድዶ ያለቀ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። የዳርዲክን ደግሞ ማዕዘኖቹ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። 12 እና 13 ሚሊሜትር ጋይሮጄት ከቀረበላችሁ 13ቱን አንሱ፤ መጀመሪያ የታሰበው እሱ ነው። 12ቱ የመጣው የ1968ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ በትልልቁ ጥይት ላይ ቁጥጥሩን ካጠበቀ በኋላ ነው። ልተኩሰው የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ባሩዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል።