ሳንዲስክ ኤክስትሪም ፕሮ፦ «ኤክስሬይ አይጎዳውም» ለሚለው ጽሑፍ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ

ሳንዲስክ ይህን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ውኃም ሆነ የኤርፖርት ኤክስሬይ አይጎዳውም ብሎ ያስተዋውቀዋል። እውነት ነው፤ ግን የኤክስሬዩ ነገር ደህና ካርድ ሁሉ ያለው ነው። ፎቶው የሚቀመጠው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ የሻንጣ መፈተሻው ትንሽ ጨረር አያጠፋውም። በማግኔት ስላልተጻፈም የብረት መፈተሻው ምንም አያደርገውም። ቦሌ ላይ ደጋግሞ ቢፈተሽ አያስቡ። «በእጅ ይታይልኝ» ብሎ መሟገት የካሜራ ጥቅል ፊልም ለያዘ ሰው ነው፤ በተለይ ሲቲ መፈተሻ (ሻንጣውን ከየአቅጣጫው በጠንካራ ኤክስሬይ የሚያነሳ ማሽን) ባለበት።

ዋጋውን የሚያወጣው በፍጥነቱ ነው። ቪ30 የሚለው ምልክት በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው፤ ለተለመደው ፎርኬ ቪዲዮ ይበቃል። ደካማ ጎኑ ከጎኑ ያለችው መቆለፊያ ናት፤ ቀጭን ፕላስቲክ ስለሆነች ስትላላ ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» ብሎ አላነሳም ይላል። ስለዚህ የካርዱን መያዣ አይጣሉ። ፎቶ የሚያበላሸውስ? ብዙ ጊዜ የካሜራው የመጻፊያ መብራት ሳይጠፋ ካርዱን መንቀል ነው።

አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። እንደገዙ ባዶውን ካርድ በኤችቱቴስትደብሊው (H2testw፣ የካርድን እውነተኛ መጠን የሚፈትሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እስከ አፉ ሞልተው ይፈትሹት፤ 128 ጊጋ የተባለው ውስጡ 8 ከሆነ ደረሰኙ ሳይጠፋ ይመልሱት።